የአምስት ሴቶች ዘፈን

ሰሞኑን ቤቴ ቀለም ቀለም ይሸታል። የልጅ ልጄ የምሕረት ጓደኛ፣ ሊዲያ የምትባል የሥዕል ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ማስቀመጫ ስላጣች ያልደረቁ ሸራዎቿን አምጥታ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ደርድራቸዋለች። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለችው ቤቴ ጠባብ ናት፤ ሙቀቱም ይታወቃል፤ መስኮቱን ከፍቼ ብውልም ሽታው አይወጣም። ጎረቤቶቼ እንዴት ትችዪዋለሽ፣ ራስሽን አያምሽም ወይ ይሉኛል። ደስ ይለኛል ብል ማን ያምነኛል። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ በሩን ስከፍት ያ ሽታ ሲቀበለኝ፣ ባሌ ተሾመ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጣቶቹን በላምባ በተነከረ ጨርቅ እየጠረገ ከጓሮ የሚገባ ይመስለኛል። ከዚያ ቁጭ እልና ሐሳብ ይወስደኛል። ምሕረት፣ እማማ ዝም ብለሽ ከምታስቢው ለምን አትጽፊውም አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው፤ ከገበያ መልስ ቀበሌ አዳራሽ ወለሉ ላይ ተቀምጠን፤ ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እንግዲህ ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል አንባቢ ይታገሰኝ።

ከጨንቻ በላይ ካለው መንደራችን ወደ አርባ ምንጭ የወረድኩት ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው። አክስቴ ሲቀላ ገበያ ጋቢና ነጠላ ትሸጥ ነበርና ረዳት ፈለገች። እናቴ ወባ ይበላብኛል ብላ እያለቀሰች ሸኘችኝ። ያን ጊዜ የደጋ ሰው ቆላን እንደዚያ ነበር የሚፈራው። እውነትም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሙቀቱ እንደ ድስት ክዳን ተጭኖኝ ነበር። ኋላ ግን ለመድኩት፤ መልመድ ብቻ አይደለም፣ ወደድኩት። ሲቀላ እንዳሁኑ ፎቅ አልነበረባትም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሁለት ሻይ ቤት፣ አንድ የልብስ ሰፊ በረንዳ፣ ከዚያ አቧራ ነው። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖውም እንደዚያው። አንድ እጅ ሙዝ በሃያ አምስት ሳንቲም ገዝተን በልተን እንጠግብና ልጣጩን ለፍየል እንሰጣለን። ከሐይቁ የመጣ ዓሣ በዘይት ተጠብሶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሰጠናል። እኔ ዓሣ አልበላም ብዬ ብዙ አስቸግሬ ነበር፤ እኛ አገር ቆጮ በዳጣ ነው የምናውቀው፤ ዓይኑ የሚያየኝን ነገር እንዴት እበላለሁ እላለሁ። አክስቴ ትስቅብኛለች። አሁን ደግሞ ዓሣው ራሱ ጠፍቶ፣ ሲገኝም ዋጋው አያስጠጋም፤ ምሕረት ከዩኒቨርሲቲው መዝናኛ ክበብ በፌስታል ስታመጣልኝ ነው የምቀምሰው።

በዚያ ዘመን ቀበሌው ወጣቱን ሁሉ ለኪነት ሰበሰበ። ማን ሰበሰበው፣ ለምን ሰበሰበው የሚለውን ለሚያውቁት ልተወው። እኔ የማስታውሰው ልብሱን ነው። ለሴቶቹ ከጨንቻ የመጣ ጥለት ያለው ቀሚስ፣ ለወንዶቹ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የተሸመነበት የእኛ የጋሞ ድንጉዛ ሱሪ፤ እግራችን ላይ ደግሞ ሁላችንም ኮንጎ ጫማ። ኮንጎ በሙቀት ሲቀልጥ እግር ላይ ይጣበቃል፤ ጭፈራው ሲያልቅ ተረከዛችን ላይ የፈሰሰውን ደም እየጠረግን እንስቅ ነበር። ከመድረኩ ኋላ የሚሰቀለውን መጋረጃ የሚሥለው ተሾመ ነው። አባቱ ከጎጃም ለማስተማር የመጡ መምህር ነበሩ፤ እሱ ግን ከደብተር ይልቅ ብሩሽ ይወድ ነበር። አቡጀዲ ተሰፍቶ ተሰፍቶ የግድግዳ ያህል ይሆንና መሬት ላይ ያነጥፈዋል፤ በእንብርክኩ እየሄደ ሐይቆቹን ይሥላል። አንደኛውን ሐይቅ ሰማያዊ፣ ሌላኛውን ቡናማ አድርጎ ሣለው። አንዱ አለቃችን መጥቶ ዓይቶ፣ ሰማያዊው ቀለም አልቆብህ ነው ወይ፣ ለምን አልነገርከንም ብሎ ተቆጣ። ተሾመ ሰውዬውን በክንዱ ይዞ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ አፋፍ ወሰደው፤ ከዚያ ቁልቁል ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ቡናማ ሆነው ሲታዩ አሳየው። ሰውዬው ስንት ዓመት ከተማው ውስጥ ኖሮ ቁልቁል ያየ ያን ቀን ነው መሰለኝ።

አሁን ስለ ዘፈኑ ልናገር፤ ነገሬ ሁሉ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። በእኛ መንደር ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ሴቶች ለመፍተል ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የሚዘፍኑት አንድ ዘፈን አለ፤ አምስት ሴት ይፈልጋል። አምስቱም አንድ ላይ አይዘፍኑትም። አንዷ ታነሳዋለች፣ ዝም ትላለች፤ ሁለተኛዋ የራሷን ቁራጭ ጣል ታደርጋለች፣ ዝም ትላለች፤ ሦስተኛዋ ትቀበላለች፤ እንዲህ እየተሰካካ ይዞራል። ከሩቅ የሚሰማ ሰው አንዲት ትልቅ ሴት ሳትተነፍስ የምትዘፍን ይመስለዋል። እያንዳንዷ የራሷን ቁራጭ ከእናቷ ወይም ከአማቷ ትወርሳለች። የሌላዋን መዝፈን ነውር ነው። ባለቤቲቱ ካልሰጠቻት በቀር የሰው ድምፅ ወስዳ የምትዘፍን ሴት የሰው መቀነት ፈትታ እንደታጠቀች ይቆጠርባታል። የእኔ ከእናቴ የወረስኩት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው፣ የአመረች ነው። አመረች አብሮ አደጌ ናት፤ እንጨት ስንለቅም፣ ውኃ ስንቀዳ፣ ስንጣላም ሳንነጣጠል ያደግን።

እንግዲህ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ሰዎች መጡ። ድምፅ ያለውን መርጠው ወስደው ሙዚቃ ሊያስተምሩ ነው ተባለ፤ ምግብም መኝታም መንግሥት ይችላል ተባለ። አዳራሹ ሞላ። እኔም ስሜን አስመዘገብኩ፤ ለአክስቴ አልነገርኩም። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ከምንም ነገር በላይ የፈለግኩት ያንን ነበር። መማር ምን እንደሆነ የማላውቅ ሰው፣ መዝፈንን የሚያስተምሩበት ቤት አለ ሲሉኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተራዬ ደርሶ መድረክ ላይ ወጣሁ፤ የምታውቂውን ዝፈኚ አሉኝ። እኔ የማውቀው አንድ ዘፈን ነው። የእኔን ቁራጭ አልኩና ዝም አልኩ። በጆሮዬ አመረች ገባች፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ፤ እንደገና የእኔን አልኩ፣ ዝም አልኩ። እኔ ሙሉውን ነው የምሰማው። ሰዎቹ የሚሰሙት ግን እኔን ብቻ ነበር። ይኼ ለምን ያን ጊዜ ወደ አእምሮዬ እንዳልመጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መነጽር ያደረገው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ፣

«እኅቴ፣ ረሳሽው እንዴ?» አለኝ።

«አልረሳሁም። አሁን የአመረች ተራ ነው፤» አልኩ።

«አመረች የታለች?»

«ጨንቻ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ደግ ሰው ነበር፣ እሱ አልሳቀም፤ እጁን አንስቶ ዝም አስባላቸውና ሌላ የምችለው ዘፈን ካለ ጠየቀኝ። አማርኛዬም ያን ጊዜ ሰባራ ነው፣ እፍረቱም አለ፤ ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድኩ። ክራር የሚመታ የሴቻ ልጅ መረጡ፤ ይገባው ነበር። ከመጋረጃው ኋላ ተሸሽጌ ሳለቅስ ተሾመ መሰላሉ ላይ ነበር። ወርዶ አጠገቤ ቆመና፣ አመረች የምትለው እንዴት ነው አለኝ። የእሷን አላውቀውም አልኩት። ተዛዝላችሁ አድጋችሁ እንዴት አታውቂም አለኝ። እኔም ነውርነቱን ነገርኩት፤ አውቀዋለሁ በጆሮዬ፣ በአፌ ግን አይደለም አልኩት። እንግዲያውስ ሥዕሉን ግማሹን ብቻ ነው ያሳየሻቸው፣ እነሱ ምን ያድርጉ አለ። አላባበለኝም፣ አልፈረደብኝም። ያን ዕለት ነው መሰለኝ የወደድኩት። ተጋባን። እሱም መማር ይፈልግ ነበር፤ የሥዕል ትምህርት ቤቱ ያለው አዲስ አበባ፣ ልጆቹ የሚበሉት አርባ ምንጭ ሆነና ቀረ። ዕድሜውን በሙሉ የሱቅ ማስታወቂያ ሲጽፍ ኖረ። ከሲቀላ እስከ ሴቻ የልብስ ስፌት፣ የሻይ ቤት፣ የወንዶችና የሴቶች ፀጉር ቤት የሚሉትን በሙሉ እሱ ነው የጻፋቸው። የፀጉር ቤቶቹ ላይ የሚሥላት ሴት መልኳ እኔን ትመስል ነበር እያሉ ሰዎች ያሾፉብኝ ነበር። አሁን ሁሉም በማሽን የታተመ ላስቲክ ሆኗል፤ ፀሐይ በዓመቱ ያነጣዋል።

ምሕረትን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። አባቷ፣ ልጄ፣ ሥራው ሐዋሳ ነው፤ እናቷ ስታርፍባት ልጅቷ ገና በዳዴ ትሄድ ነበርና ወደ እኔ መጣች። ገበያ የምልከው ጋቢ ስለነበረ ከጎኔ አስቀምጬ እፈትላለሁ፤ ስፈትል ደግሞ አንደበቴ አያርፍም፤ የእኔን ቁራጭ እላለሁ፣ ዝም እላለሁ፣ እላለሁ፣ ዝም እላለሁ። በዝምታዬ ውስጥ አመረችና ሌሎቹ ይመጡልኛል። ልጅቷ ግን የሚደርሳት ዝምታው ብቻ እንደሆነ አላሰብኩም። ዘፈን እያስተማርኳት መሆኑንም አላወቅኩም፤ ሕፃን ምን ይይዛል ብዬ።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያውን ዓመት ከሁሉም ጋር ተምራ የምትቀጥልበትን ስትመርጥ፣ ሙዚቃ አለች። አባቷ በስልክ እንደጮኸ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው። ሙዚቃ ተምራ ምን ልትበላ ነው፣ አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሻት አለኝ። አባትህ ሊማር ፈልጎ ያልተማረው አይደለም ወይ፣ ሥዕልና ሙዚቃ አንድ ጊቢ ነው የሚያስተምሩት አልኩት። አባቱን ሳነሳበት ይለሰልሳል። በመጨረሻ ተስማሙ። ለሙዚቃ የሚገባ ሰው የተሰጥኦ ፈተና አለበት፤ ፈተናውን ካለፈች ትማር፣ ከወደቀች ግን ሒሳብ አያያዝ ገብታ ሙዚቃ የሚባል ነገር ዳግመኛ ላታነሳ ቃል ገባች። የሰጠችውን ቃል የምታጥፍ ልጅ አይደለችም። ሳምንት ነበር የቀራት። እኔ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ፣ እሷ ከማንጎው ሥር ቆማ ትለማመዳለች። ስሰማት እጄ ላይ ያለው አንሶላ ወደቀ። የእኔን ቁራጭ አለች፤ ዝም አለች፤ እንደገና አለች፤ ዝም አለች። ዝምታውን እንኳ ልክ እንደኔ ነው የጠበቀችው። ያ አዳራሽ፣ ያ መነጽር፣ ያ ሳቅ በአንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አለ።

ይህንን ነው ወይ የምትዘፍኚላቸው አልኳት። አዎ እማማ፣ ሌላው ልጅ ሁሉ ከስልክ የለመደውን ነው የሚዘፍነው፣ እኔ ግን የራሳችን አለኝ አለች፤ ፊቷ ያበራል። ጎዶሎ መሆኑን ነገርኳት። አልገባትም። ዝምታው እኮ ነው የሚያምረው ብላ ተከራከረችኝ። በእኔ ላይ የደረሰውን ያን ጊዜ ነገርኳት፤ ለልጄም ተናግሬው የማላውቀውን። አዳምጣ ሲያበቃ፣ እንግዲያው የቀረውን ንገሪኝ አለች። እኔ መናገር አልችልም፤ የእኔ አይደለም አልኳት። በማግስቱ በሚኒባስ ወደ ጨንቻ ወጣን።

መንገዱ ያኔ በዝናብ ጊዜ መኪና የሚውጥ ጭቃ ነበር፤ ሴቶች ጥጥ ተሸክመን በእግር ነበር የምንወጣው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ብርዱ ሲቀበለን ነጠላችንን እንከናነባለን። አሁን በየጠመዝማዛው ፖም በባልዲ የያዙ ልጆች መኪና ያስቆማሉ። በእኛ ጊዜ ፖም የሚባል ነገር የት አይተን። አመረች ግን በዚያው በቀርከሃ ቤቷ ናት። የእኛ አገር ቤት ምስጥ ከሥሩ እየበላው ዓመት በዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ የአመረች ቤት እኔ ሳውቀው ትልቅ ሰው ሳይጎነበስ ይገባበት የነበረው፣ አሁን እኔ አሮጊቷ እንኳ አጎንብሼ ነው የገባሁት። ወንዶች ልጆቿ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ ናቸው፤ ሴት ልጅ አልወለደችም። እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ተቀምጣ አገኘናት። በጋሞኛ ነው የምናወራው፤ ምሕረት ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን አማርኛ ይቀድማታል።

«ፋንታዬ፣ ቆላው አቅልጦሽ ነው እንዲህ ያነስሽው?» አለችኝ ገና ሳትስመኝ።

«አንቺስ ምስጡ ቤትሽን ጨርሶ ወዳንቺ መጣ እንዴ?» አልኳት።

ተሳስቀን ተሳሳምን። የመጣንበትን ስነግራት እንደ ቀልድ ነበር የሰማችኝ። እስቲ በይው አለቻት ምሕረትን። ምሕረት እግሯ ሥር ተቀምጣ የእኔን ቁራጭ አለች። አመረች ወደ እኔ ዞራ፣ ይህቺ ልጅ ድምፅሽን ሰርቃሻለች አለችኝ። ምሕረት ዝም የሚባልበት ቦታ ላይ ዝም አለች። ያን ጊዜ አመረች ዓይኗን ከእንዝርቱ ሳታነሳ የራሷን ገባች። ያረጀች ድምፅ ናት፤ መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ትሰነጠቃለች፤ ግን ቦታዋን አልሳተችም። ወደ ምሕረት ሲመለስ ልጅቷ አልቀጠለችም። አፏን ከፍታ ቀረች። እንባዋ ይወርዳል።

«ምነው ልጄ?» አለቻት አመረች።

«ዝምታው ውስጥ ሰው ያለበት አልመሰለኝም ነበር፤» አለች ምሕረት።

አመረች እንዝርቷን አስቀምጣ ራሷን ዳሰሰቻት። ምሕረት አብረሽኝ ውረጂ፣ ፈተናው ላይ አብረሽኝ ዝፈኚ ብላ ለመነቻት። አመረች ጉልበቷን አሳየቻት፤ መናኸሪያው ድረስ እንኳ መሄድ ካቆመች ቆይታለች። እንግዲያው የአንቺንም እኔው ልያዘው፣ ሁለቱንም እዘፍነዋለሁ ስትላት አመረች ሳቀች፤ ሁለታችንን በአንድ አፍ ልትዘፍኚን ነው ወይ አለቻት። በቁጣ አልነበረም፤ ግን በዚያው አበቃ። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ምሕረት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለፈተናው የትኛውን እንደምትዘፍን ምርጫው የእሷ ነው ብዬ ተውኳት።

የፈተናው ቀን አብሬያት ሄድኩ። ተማሪዎቹ በየጥጉ ጉሮሯቸውን ያሟሻሉ፤ ከዋርካው ሥር የሥዕል ተማሪዎች ሰሌዳ ጭናቸው ላይ አድርገው ያንኑ ዋርካ ይሥላሉ። ከእነሱ አንዷ ሊዲያ ነበረች፤ ኋላ ነው የተዋወቅነው። አጠገባቸው ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ፤ እርሳሳቸው ወረቀቱ ላይ ሲጭር እየሰማሁ፣ ተሾመ እዚህ መሀል ቢቀመጥ ኖሮ አልኩ በልቤ። የፈተናው ክፍል መስኮት ክፍት ነው። መጀመሪያ ፒያኖ ይመታሉ፣ እሷ ድምፁን ትመልሳለች፤ ጠረጴዛ በእጃቸው ያንኳኳሉ፣ እሷም ታንኳኳለች። ቀጥሎ ዝፈኚ አሏት። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ አስገብቼ ነከስኩት። ያን ዘፈን ብትጀምረው፣ ዝምታው ሲመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አልጀመረችውም። ዱሮ ከሬዲዮ እንሰማው የነበረ አንድ የትዝታ ዘፈን ዘፈነች፤ ጥሩ አድርጋ ዘፈነችው። ትንፋሼ መለስ አለ። መለስ ሲል ደግሞ አንድ ነገር ከፋኝ፤ ዘፈናችን ከእኔ ጋር ውጭ ግንቡ ላይ የቀረ መሰለኝ።

አለፈች። አባቷም ደወለ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ ድምፁ ትንሽ ቢጎረብጥም አላት። ለምን እንደተወችው ስጠይቃት፣ አንድ ሰው የሚዘፍነው አይደለም ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ዘፈን አላነሳችብኝም። ከማንጎው ሥርም አልሰማሁትም። ኖታ የሚሉትን ስትጽፍ፣ ማሲንቆ ስትመታ፣ ከሊዲያ ጋር ሥዕልና ሙዚቃ የቱ ይከብዳል እያሉ ሲጨቃጨቁ ቤቴ ሙሉ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ምሕረት አትኖርም። የት ነበርሽ ስላት ለትምህርት ነው ትለኛለች። አንዳንዴ ፖም ይዛ ትመጣለች፤ ገበያ ሞልቷልና ከየት ነው አልልም። ፍቅር ይዟት ይሆናል ብዬ ገመትኩ፤ በዚያ ዕድሜ እኔም ለአክስቴ የማልነግራት ብዙ ነገር ነበረኝ።

ባለፈው ክረምት አመረች አረፈች። ሳል ነው አሉ፤ ብዙም አልተኛችም። ደጋ ላይ ጉሙ ከቤት ቤት አላሳይ ባለበት ሰሞን ነበር። ልጆቿ ከሽሮ ሜዳ መጡ፤ ሸምነው ያመጡላትን ጋቢ ሬሳዋን አለበሱት። ምሕረት ከጎኔ ሳትለይ አለቀሰች። ለአንድ ቀን ላየቻት ሴት እንዲህ ማልቀሷ አስገረመኝ። በሰልስቱ ማግስት፣ በመንደራችን ወግ፣ ሴቶች እንዝርታችንን ይዘን ተሰበሰብን። ፈታይ ሴት ስትሞት ቅርጫቷ ውስጥ የቀረው ጥጥ ለሌላ አይሰጥም፣ አይጣልም፤ አብረዋት የፈተሉት ተቀምጠው ይጨርሱላታል። በቤቷ፣ በዚያ በዝቅተኛው ጣሪያ ሥር፣ ክብ ሠራን። ከአምስታችን በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የመጀመሪያውን አሁን የምታነሳው ድሮ ታነሳው የነበረችው ሴት ምራት ናት፣ አራተኛውና አምስተኛው ለሴት ልጆቻቸው አልፏል። የአመረችን ግን የሚወርስ የለም፤ ምራቶቿም አዲስ አበባ ያደጉ ናቸው፣ መፍተል አያውቁም። ሴቶቹ ይህን ያውቃሉ። ጥጡ ተከፋፈለ፤ ዘፈኑም ተነሳ፤ ባይነሳ ደግሞ ምን ይባላል።

የእኔን ቁራጭ አልኩና ዝም አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ ዝምታ ላይ ስደርስ የምትመጣው እሷ ነበረች፤ በአካል ባትኖር በጆሮዬ። ያን ቀን ግን በጆሮዬም እንደማትመጣ ታወቀኝ። በዚያው ቅጽበት ከበሩ በኩል ድምፅ ገባ። የወጣት ድምፅ ነው። ቦታውን አልሳተም፤ መጨረሻው ላይ አመረች ትንሽ የምትሰነጠቅበት ጋ ሲደርስ እሱም ተሰነጠቀ። ቀና ብዬ አየሁ። ምሕረት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ምሰሶው አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ እንዝርት ይዛ። እንዝርቱ የአመረች ነው፤ አውቀዋለሁ።

ሴቶቹ ዞረው አላዩዋትም። አራተኛዋ ተቀበለች፣ አምስተኛዋ ተቀበለች፣ ያነሳችው ሴት እንደገና አነሳች፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ድምፄ አልወጣ አለ፤ ዘፈኑ እጄ ላይ ቆመ። ከዘፋኞቹ ውጭ አብረውን ሊፈትሉ ከመጡት፣ በዕድሜ ከሁላችን የምትበልጠዋ፣ እኔን ሳይሆን ምሕረትን አይታ፣

«ማን ሰጠሽ?» አለቻት።

«ራሷ፤» አለች ምሕረት። «ቅዳሜ ቅዳሜ።»

አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላም አጠገቤ ቦታ ለቀቀችላት። ምሕረት መጥታ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ነካኝ። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ተነሳ። ያቺን ልጅ ከተቀበልኩበት ቀን ጀምሮ አብረን ዘፍነን አናውቅም ነበር። እንዴት እንዘፍናለን፤ ሁለታችንም የያዝነው አንዱን ቁራጭ ነው፣ የእኔን፤ ስል ትላለች፣ ዝም ስል ዝም ትላለች። ያን ቀን እኔ ዝም ስል እሷ አለች፤ እሷ ዝም ስትል ሌሎቹ ይዘውት ዞረው መለሱልኝ። ጥጡ ብዙ አልነበረም። ቀስ ብለን ፈተልነው።